ግራፊክስ ካርድ፦ ሐረር ላይ ከመግዛትዎ በፊት

ኮምፒውተር ላይ ከባድ ጌም መጫወት የሚፈልግ የሐረር ወጣት ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሞ በመጨረሻ የሚደርስበት ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ? ካርዱ ብቻውን ከቀረው ኮምፒውተር በዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የካርዱ ሥራ ስክሪን ላይ የምናየውን ምስል ማዘጋጀት ነው። የተለመደው ፉል ኤችዲ ስክሪን 1,920 በ1,080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ጌሙ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሰላት አለበት። ፕሮሰሰር ውስብስብ ሥራ የሚችሉ ጥቂት ኮሮች ስላሉት ይህን ብቻውን አይወጣውም። ግራፊክስ ካርድ ግን ደቦ ነው፤ ቀላል ስሌት የሚሠሩ ሺዎች አንድ ላይ ይዘምታሉ። አርቲኤክስ 4060 3,072 ኮሮች፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ 16,384 ኮሮች አሉት። የእነዚህ ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ በ1999 እ.ኤ.አ. ጂፎርስ 256ን የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ብሎ አስተዋወቀ። ዋና ተፎካካሪው የራዲዮን ካርዶች አምራች ኤኤምዲ ነው።

ከኮር ቀጥሎ የሚታየው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። የጌሙ ምስሎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሜሞሪው ከሞላ ኮሩ የፈለገውን ያህል ቢበዛም ጌሙ ይንቀራፈፋል። ለአዳዲስ ጌሞች በፉል ኤችዲ 8 ጊጋባይት ጥሩ መነሻ ነው።

ለሐረር ገዢ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ሲወስድ 4090 450 ዋት ይወስዳል። ኤንቪዲያ ለመጀመሪያው 550፣ ለሁለተኛው 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። መብራት ድንገት ሲሄድና ሲዋዥቅ ደግሞ በባትሪው ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ አነስተኛው 650 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በላይ አይሸከምም። ትልቁን ካርድ የገዛ ሰው እንግዲህ ትልቅ ፓወር ሰፕላይና ትልቅ ዩፒኤስም መግዛቱ ነው። ገዢው በእጁ ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ይሻለዋል። 75 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ ገመድ ሳይፈልጉ ከማዘርቦርዱ ኃይል ያገኛሉ። ለስሊም ኬዝ የሚሆን አጭር ዓይነትም አለው።

ሙቀትም ይታሰብበት። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ባሉ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ዕቃን ያስውባሉ፣ ኮምፒውተርን ግን ያፍናሉ። ኬዙ ከኋላና ከጎን ክፍት ቦታ ይኑረው፤ የፋኑ አቧራም በየጊዜው ይጠረግ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ጀምሮ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለከበደ ብዙዎች ያገለገለ ካርድ ይፈልጋሉ። ያገለገለ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሆኖም ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ለዚሁ ሥራ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ለገበያ ወጥተዋል። አሮጌ ቺፕ ይዘው በሶፍትዌር የአዲስ ካርድ ስም የተሰጣቸው ሐሰተኞችም አሉ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የቺፑንና የሜሞሪውን ዓይነት ስለሚያሳይ ብዙዎቹን ያጋልጣል።

ከድሬዳዋም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ካርዱን ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ላይ ያስገጥሙ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ያስኪዱበት፤ ዋስትናውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ለአብዛኛው የሐረር ተጫዋች የሚበጀው መካከለኛ ካርድ ከጥሩ ፓወር ሰፕላይ ጋር ነው። በጀትዎ ለሁለቱ ካልበቃ ካርዱን ዝቅ ያድርጉ እንጂ በፓወር ሰፕላዩ አይቆጥቡ።