ቻርጀራችሁ ላይ ያለው ተራራና የመሐንዲሶች ማኅበር

የቻርጀራችሁን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሳለ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ። ከቻይና የደህንነት ደረጃ የመጣ ምልክት ነው፤ ዕቃው ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ላለ ቦታ ነው የተሠራው ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2300 ሜትር አካባቢ ናት!

ታዲያ ምን ችግር አለው? ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ኤሌክትሪክ በሁለት ነጥቦች መካከል ብልጭ ብሎ እንዳይዘል የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60664-1 በ3000 ሜትር ላይ በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ይኼ ግን ስሌት ነው። እዚህ ከተማ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚቃጠል የሚነግረን የገጣጣሚዎች የብልሽት መዝገብ ነው። እሱ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ «ተፎካካሪ ያየዋል» ተብሎ። ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን የተቃጠለ ካፓሲተር የንድፍ ሚስጥር አይደለም። በአሜሪካ በ1957 እ.ኤ.አ. ስድስት የሰርኪውት ቦርድ አምራቾች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ዛሬ የትኛው ብየዳ ተቀባይነት እንዳለው ብዙ ፋብሪካዎች የሚለዩት በዚያ ማኅበር ሰነድ፣ በአይፒሲ-ኤ-610 ነው።

ነፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ ሌላ ክፍለ ከተማ የምትገጣጥሙ ከሆነ፣ ወደ መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ አንድ ባለሙያ ላኩ። የደንበኛን ስም አጥፍታችሁ የተበላሸውን ክፍል፣ የሠራበትን ጊዜና የመስመሩን ቮልቴጅ ብቻ ያዙ።