የቴስቶስተሮን ምትክ ሕክምና፦ ከመርፌው የሚቀድመው ምክክር

ቴስቶስተሮን የወንድን አካል ከጽንስነት ጀምሮ የሚቀርጽ፣ በጉርምስና ዘመን ድምፅን የሚያጎረንን፣ ጢምን የሚያበቅል፣ በአዋቂነትም ጡንቻን፣ አጥንትን፣ የወሲብ ፍላጎትንና የቀይ ደም ሕዋሳትን ምርት የሚደግፍ ሆርሞን ነው። ሆርሞን የሚባለውም በአንድ የሰውነት ክፍል ተመርቶ በደም በኩል ለሌላው ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። አብዛኛው ቴስቶስተሮን የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ውስጥ ቢሆንም የምርቱን መጠን የሚወስነው አንጎል ነው፤ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ለምትገኘው ለፒቱታሪ ዕጢ ምልክት ሲልክ፣ ዕጢዋ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች፤ የመጀመሪያው ቴስቶስተሮን እንዲመረት፣ ሁለተኛው ደግሞ የዘር ሕዋስ እንዲበስል ያዝዛል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስተሮን በቂ ሲሆን አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፣ ሲጎድል ያጠነክራል። የምትክ ሕክምናው ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚመነጨው ከዚህ የመላላክ ሥርዓት በመሆኑ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ ወንድ ይህን ያህሉን አስቀድሞ ማወቁ ለምክክሩ ትልቅ እገዛ ነው።

ምትክ ሕክምና ሲባል ሰውነት በበቂ ሁኔታ ማምረት ያቃተውን ሆርሞን ከውጭ መተካት ማለት ነው። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በሚወጋ መርፌ፣ በየ10 እስከ 14 ሳምንቱ በሚሰጥ ረጅም ጊዜ በሚቆይ መርፌ፣ በቆዳ ላይ በየቀኑ በሚቀባ ጄል፣ በሚለጠፍ ወይም ከቆዳ ሥር በሚቀበር መልክ ይዘጋጃል። እውነተኛ እጥረት ላለበት ወንድ ይህ ሕክምና የጎደለውን የሚመልስ ታላቅ ጥቅም ነው። ሆኖም መድኃኒት በቀጥታ ለሕዝብ በሚተዋወቅባት በአሜሪካ፣ ድካምና የዕድሜ መግፋት ራሳቸው የሆርሞን እጥረት እስኪመስሉ ድረስ የሚሰብኩ ማስታወቂያዎች ስለበዙ፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 መድኃኒቱ የተፈቀደው በዘር ፍሬ፣ በፒቱታሪ ወይም በአንጎል ሕመም ምክንያት ለሚከሰት እጥረት እንጂ በዕድሜ ብቻ ለሚመጣ መቀነስ እንዳልሆነ በግልጽ እንዲጻፍ አዝዟል። በዚያው አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አባቶችና ወጣቶችም የእነዚሁ ማስታወቂያዎች ተመልካቾች ናቸውና ማሳሰቢያው እነሱንም ይመለከታል።

ማስታወቂያዎቹ በቀላሉ የሚያሳስቱበት ምክንያት የእጥረቱ ምልክቶች የብዙ በሽታዎች የጋራ መሆናቸው ነው። መድከም፣ መነጫነጭ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ትኩረት ማጣትና የጡንቻ መሟሸሽ ከቴስቶስተሮን እጥረት ሊመጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከድባቴ፣ ከደም ማነስ፣ ከስኳር በሽታ፣ ከእንቅርት ዕጢ መዛባት ወይም ከሥራ ብዛትም ይመጣሉ። ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 3,369 ወንዶች በስምንት የአውሮፓ ማዕከላት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከዝቅተኛ ቴስቶስተሮን ጋር በእርግጥ ተያይዘው የተገኙት ምልክቶች ሦስት መሆናቸውን አሳይቷል፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የማለዳ የብልት መቆም መቅረትና ስንፈተ ወሲብ። ሦስቱን ምልክቶች ከዝቅተኛ የደም ውጤት ጋር አጣምረው የተገኙት ወንዶች ደግሞ 2.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በማስታወቂያው ከሚሳለው ምስል እጅግ የራቀ ነው። ስለ ወሲብ ማውራት በሚያሳፍርበት ባህል ውስጥ ያደገ ሰው «ድካም አለብኝ» ብሎ ብቻ ቢመለስ፣ ሐኪሙ ከሁሉ የሚበልጠውን ፍንጭ ሳያገኝ ይቀራል፤ ስለዚህ እነዚህን ሦስት ነገሮች በግልጽ መናገር የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የደም ምርመራውም የራሱ ሥርዓት አለው። ቴስቶስተሮን በማለዳ ከፍ ብሎ ወደ ማታ የሚቀንስ፣ ከምግብ በኋላም ዝቅ የሚል በመሆኑ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ምግብ ሳይቀመስ መወሰድ አለበት፤ ውጤቱ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን እንደገና ይለካል እንጂ በአንድ ልኬት ብቻ አይወሰንም። በኃይለኛ ሕመም ላይ ያለ ሰው ሆርሞኑ ለጊዜው ስለሚወርድ እስኪያገግም መጠበቅ ይገባል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ያለውን ዝቅተኛ ሲል፣ በዚያው ዓመት የወጣው የኢንዶክሪን ማኅበር መመሪያ ደግሞ በደረጃው መሠረት በተስተካከሉ ላቦራቶሪዎች ለጤነኛ ወጣቶች የታችኛውን ወሰን 264 አድርጎታል። ሁለት ትልልቅ ማኅበራት በአንድ ቁጥር አለመስማማታቸው ቁጥሩ ብቻውን በሽታ እንዳልሆነ ያስረዳል። ከመጠን በላይ በወፈረ ሰው ደም ውስጥ ሆርሞኑን የሚሸከመው ፕሮቲን ስለሚቀንስ አጠቃላይ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ከፕሮቲኑ ተላቅቆ ሥራውን የሚሠራው ነጻ ቴስቶስተሮን ደኅና ሊሆን ይችላል።

እጥረቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሚሊግራም ልውሰድ» የሚል ሳይሆን «ለምን ጎደለ» የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ቴስቶስተሮን ዝቅ፣ ኤልኤች ከፍ ብሎ ከተገኘ አንጎል እየጮኸ የዘር ፍሬ አልመለሰም ማለት ነውና፣ ምክንያቱ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ያስከተለው የዘር ፍሬ ብግነት፣ የካንሰር ሕክምና፣ ጉዳት፣ ወይም ወንዱ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ የሚወለድበትና ብዙዎች ሳያውቁት የሚኖሩበት የክላይንፌልተር ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ኤልኤች ራሱ ዝቅ ካለ ግን ጉድለቱ ከላይ ነው፤ ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን የሚያመነጭ የፒቱታሪ ዕባጭ፣ በሰውነት ውስጥ የብረት መከማቸት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ወይም ኮርቲሶን መሰል መድኃኒት ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ። ራስ ምታትና የዳር እይታ መጥበብ ያለበትን ሰው መርፌ ወግቶ መስደድ ዕባጩ ሳይታይ እንዲያድግ መፍቀድ ነው። ለወፍራም ሰውና ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ክብደት መቀነስ ብቻውን ሆርሞኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሕክምናው ሊሰጥ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር የተባለ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ለራሱ ወግቶ ጉልበቱ እንደታደሰ በፓሪስ ለሳይንስ ባልደረቦቹ ተናገረ፤ ይሁንና በውሃ የተዘጋጀው ያ ፈሳሽ ለሥራ የሚበቃ ሆርሞን ሊይዝ እንደማይችል ዛሬ ይታወቃል፤ ያደሰው ተስፋው ነበር። ሆርሞኑ ራሱ ተለይቶ የወጣውና በላቦራቶሪ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ይህ ታሪክ ድካምን በመርፌ አድኛለሁ የሚል ምስክርነት ለምን በጥንቃቄ መሰማት እንዳለበት ያስረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውና 65 ዓመት የሞላቸው ዝቅተኛ ቴስቶስተሮን ያላቸው 790 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናትም በአንድ ዓመት ውስጥ የወሲብ ፍላጎትና ተግባር መጠነኛ መሻሻል ማሳየቱን፣ በብርታት ስሜት ላይ ግን መድኃኒቱ ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው ባዶ መድኃኒት (ፕላሴቦ) የጎላ ብልጫ እንዳልነበረው አረጋግጧል።

ሕክምናው ልብን ይጎዳል የሚለው ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ትልቅ ጥናት ተመርምሯል። የልብ በሽታ ያለባቸው ወይም ለዚያ የተጋለጡ ከ5,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት የልብ ጥቃት፣ ስትሮክና በልብ ምክንያት መሞት ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ አልበዛም፤ ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ የሳንባ ደም ሥር መዘጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በመጠኑ በርክተዋል። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት ሰው በአጠቃላይ ሕክምናውን አይጀምርም። የደም ውፍረት ደግሞ ለደጋ ሰው የተለየ ትርጉም አለው፤ ቴስቶስተሮን ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያበዛ፣ ሕዋሳቱ ከደሙ የሚይዙት ድርሻ፣ ማለትም ሂማቶክሪት፣ ከ48 በመቶ በላይ ለሆነ ሰው ሕክምናው እንዳይጀመር፣ በከፍታ ቦታ ለሚኖር ግን ወሰኑ 50 በመቶ እንዲሆን የኢንዶክሪን ማኅበሩ ይመክራል። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሄሞግሎቢናቸው በቆላ ካሉት ብዙም እንደማይለይ ስላሳየ፣ የዚያ አካባቢ ደገኛ ደም ወፍሮ ሲገኝ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስልም።

ከሁሉ በላይ ዝም ሊባል የማይገባው ግን የመውለድ ጉዳይ ነው። ከውጭ የገባው ቴስቶስተሮን ለአንጎል «በቂ አለ» የሚል መልእክት ስለሚያደርስ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፣ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ የዘር ሕዋስ ምርትም ሊቆም ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሳምንት መርፌውን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት የሞከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጅ ስላልወለደ ተጨንቆ «ወንድነቴ ደክሟል» ብሎ የመጣ ሰው ቴስቶስተሮን ቢታዘዝለት፣ የፈለገው ሁሉ በተቃራኒው ይሆንበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው የዘር ፍሬውን ራሱን የሚቀሰቅሱ፣ እንደ ኤችሲጂና ክሎሚፌን ያሉ መድኃኒቶች ስላሉ፣ «ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ማዘዣ አስቀድሞ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ጄል የሚጠቀም አባትም እጁን በሳሙና መታጠብና የተቀባውን ቦታ መሸፈን ይኖርበታል፤ መድኃኒቱ በንክኪ ወደ ሕፃናት ተላልፎ ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት እንዳሳዩ በመታየቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ሕክምናውን የጀመረ ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የሆርሞኑን መጠንና ሂማቶክሪቱን መለካት፣ እንደ ዕድሜውም ስለ ፕሮስቴት ምርመራ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይጠበቅበታል፤ ሂማቶክሪቱ ከ54 በመቶ ካለፈ እስኪወርድ ድረስ መድኃኒቱ ይቆማል። በስፖርት ቤት ወይም በገበያ ከማይታወቅ ሻጭ መርፌ የሚገዛ ወጣት ይህን ሁሉ ክትትል ያጣል፤ ሲያቆምም የተኛው አንጎል ትእዛዙን እስኪቀጥል ወራት ስለሚፈጅ፣ በመሃል የሚመጣውን ድካምና የመንፈስ መውደቅ ይበልጥ እንደሚያስፈልገው ምልክት ቆጥሮ እንደገና ወደ መርፌው ይመለሳል። በመሆኑም ታካሚው በመጀመሪያው ቀጠሮ ሐኪሙን ስለ አጀማመሩ ብቻ ሳይሆን ሕክምናው ቢቋረጥ ምን እንደሚከተልና እንዴት እንደሚቋረጥ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።