«ቻይው» ብቻ የማይበቃበት የወር አበባ

ከሽኩና ዳሌት ተነስቶ ሶሮካ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ መንገድ አይደለም። የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲም ጎረቤት ነው፤ ሐኪሞች የሚሠለጥኑት እዚሁ አጠገባችን ነው። እንዲያም ሆኖ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት የምትቀር ልጅ፣ ሕመሟ በሽታ ይሁን አይሁን ሳታውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለአስተማሪዋ «ሆዷን አሟት ነው» የሚል መልእክት ይላካል። እቤት ደግሞ «ቻይው፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው» ትባላለች። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ነገሩ ይረሳል።

እኔና እኩዮቼ ስለ ወር አበባ የተማርነው ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነበር። ማህፀን፣ እንቁላል፣ ሆርሞን፣ ሰሌዳ ላይ የተሳለ ሥዕል። ፈተና ላይ መለስነው፣ አለፈ። አንድ ቀን ደግሞ ሴቶቹ ብቻ ተለይተን ስለ ንጽሕናና ስለ ሞዴስ አጠቃቀም ተነገረን፤ ወንዶቹ ኳስ ሊጫወቱ ወጡ። ስንት ቀን ሲፈስ ነው ብዙ የሚባለው? የትኛው ሕመም ነው ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው? ይህን ማንም አላነሳውም።

መልሱ ግን አለ፣ አስቸጋሪም አይደለም። የአሜሪካ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2015 ባወጣው ምክር፣ የልጃገረዶች የወር አበባ እንደ ደም ግፊትና እንደ ልብ ምት የጤና መለኪያ ሆኖ እንዲታይ ጠይቋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንዱ ወር አበባ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ከ21 እስከ 45 ቀን ቢሆን ያለ ነው። የሚፈስበት ጊዜ እስከ 7 ቀን፣ በቀን ከ3 እስከ 6 ሞዴስ። ከዚህ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴሱ የሚርስ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካልጀመረች፣ ሐኪም ማየት አለባት። ከመጀመሪያው ጊዜ አንስቶ በጣም የሚበዛባት ልጅ አንዳንዴ ችግሩ ከማህፀኗ ሳይሆን ከደሟ ነው፤ ፎን ቪለብራንድ የሚባለው ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው። ደም ያነሳት ልጅ ይደክማታል፣ ያዞራታል፣ ክፍል ውስጥ ሐሳቧ ይበተናል። አስተማሪው «ሰነፈች» ብሎ ይጽፋል።

ሕመሙም እንደዚያው ነው። የተለመደው ቁርጠት የሚመጣው ማህፀን ሲኮማተር ነው፤ ኢቡፕሮፌን በጊዜው ሲወሰድና ሙቅ ነገር ሆድ ላይ ሲደረግ ብዙዎቹን ያስታግሳል። መድኃኒቱ ሳይረዳት ሲቀር፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ሲያማት፣ ሕመሙ ከወር ወር እየባሰ ሲሄድ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል። ይህ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ የሚበቅልበት በሽታ ነው፤ ልጅ ለመውለድም ሊያስቸግር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህሉ፣ እንዳለባቸው ይገምታል። እዚሁ እስራኤል ውስጥ በወቅቱ 2 ሚሊዮን አባላት በነበሩት በማካቢ ኩፓት ሆሊም የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት ግን፣ በሽታው በሐኪም የተረጋገጠላቸው ከ1,000 ሴቶች 11 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ «ቻይው» እንደሆነ መለኪያ የለንም። የተወሰነው መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

ለቤተ እስራኤል ሴቶች የወር አበባ ድሮ ምስጢር አልነበረም። በጎንደር መንደሮች ደም ያየች ሴት ከመንደሩ ዳር ወዳለችው የመርገም ጎጆ ትወጣለች። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ሳይነካት አስቀምጦላት ይመለሳል። ሰባት ቀን ቆይታ፣ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከቤቷ ትርቃለች። እናቶችና አያቶች ይህን ሲያወሩ ወሬው አንድ ዓይነት አይደለም። ብርዱን፣ የሌሊቱን ፍርሃት የሚያነሱ አሉ። ከወፍጮና ከእንጨት ለቀማ ያረፍነው እዚያ ነው፣ ከጓደኛ ጋር የልባችንን የተጫወትነው እዚያ ነው የሚሉም አሉ። ወጣቷ ከታላላቆቿ የምትሰማውም እዚያው ነበር። ሰባት ቀን አልፎ ደሙ ያልቆመላት ሴት ብትኖር፣ ሌሎቹ ሴቶች ሳያውቁ አይቀሩም።

ጎጆው ይመለስ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። በ1984 እና በ1991 በመጡት ዓሊያዎች የመጡ ሴቶች ግን መርካዝ ክሊታ ሲገቡ ጎጆ አላገኙም፤ አንዳንዶቹ በአንድ ክፍል፣ በረንዳ ላይ ሳይቀር ለየት ብለው ለመቀመጥ ሞከሩ። ቀስ በቀስ ልማዱ ለብዙዎች ቀረ። ከጎጆው ጋር ወሬውም አብሮ ቀረ። የቀረልን «መርገም» የሚለው ቃል ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ቃሉን ሰምታ ትርጉሙን ስትጠይቅ እርግማን ማለት ሆኖ ታገኘዋለች።

ሌላም ችግር አለ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ኩፓት ሆሊም ሄደን ለወላጆቻችን አስተርጉመናል። ስለ አባት ስኳርና ስለ እናት ጉልበት ማስተርጎም አንድ ነገር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ግን ስለራሷ ደም ሐኪሙ በዕብራይስጥ የነገራትን ለእናቷ በአማርኛ እንድትናገር ሲጠበቅባት ግማሹን ትውጠዋለች። ቃሉም የላትም። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር በአማርኛ ሲወራ ሰምታ አታውቅማ!

እናቶችም የራሳቸው ስጋት አላቸው፤ «ያላገባች ልጅ ሮፌ ናሺም ዘንድ ምን ትሠራለች?» የሚል። ክብሯ ይነካል ብለው ይፈራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለልጃገረድ የሚደረገው ግን ጥያቄና መልስ፣ የደም ምርመራ፣ ካስፈለገም በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። የውስጥ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ይህቺ አንዲት መረጃ ብቻ በአማርኛ ተጽፋ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ብትላክ ብዙ በር ትከፍታለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትግሉ ከሌላ ቦታ ነው የጀመረው። ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2009 መቀሌ ላይ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ የሚሠራ ፋብሪካ ከፍታ፣ በየትምህርት ቤቱ ለሴቶችም ለወንዶችም ትምህርት እንዲሰጥ ሠርታለች፤ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተመርጣለች። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ስለ ወር አበባ ንጽሕና አያያዝ መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ጥያቄው ሞዴስ፣ ውሃና የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ነው። ዳሌት ውስጥ ውሃው አለ፤ ሞዴሱም ማኮሌት ይገኛል፣ ዋጋው የሚከብዳት እናት ብትኖርም። የጎደለው በሽታውን ከጤናው የሚለይ ትምህርት ነው።

እንዲህ ዓይነት ትምህርት ደግሞ አዲስ ሙከራ አይደለም። ኒውዚላንድ ውስጥ ስለ ወር አበባና ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ በትምህርት ቤቶች ማስተማር ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ትምህርቱ ሳይቋረጥ በተሰጠባቸው አካባቢዎች በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ልዩ ክሊኒክ የሚመጡ ልጆች መጨመራቸውን በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እንግሊዝም ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወር አበባ ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች።

በእኛ ሰፈር ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። ኪታ ሄ ወይም ኪታ ዋው ላይ፣ ማለትም ብዙዎቹ ከመጀመራቸው በፊት፣ ነርስ ወይም ዮዔጼት የምትሰጠው ሁለት ሰዓት ይበቃል። ወንዶቹም ይቀመጡ፤ ነገ ባል፣ አባትና አስተማሪ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ከማህበረሰባችን የወጡ የጤና አገናኞች በ«ረፉአ ሽሌማ» ፕሮግራም በኩፓት ሆሊም ሠርተው ያሳዩት ነገር፣ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ሲነገረው እንደሚሰማ ነው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ባግሩት ከሚወራው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም።

ትምህርቱ እስኪመጣ ድረስ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አንድ ደብተር ይያዙ። የመጣበትን ቀን፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደተቀየረ፣ መድኃኒት ተወስዶ ረድቶ እንደሆነ፣ ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረች ይጻፉበት። የሦስት ወሩን ይዘው ቶር ያስይዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለመጻፍም ለማሳየትም ማስተርጎም አያስፈልገውም።