የፍርድ ቤት መዝገብ እንዴት እንደሚፈለግና ግልባጩ እንዴት እንደሚጠየቅ

ፍርድ ቤት ለባለጉዳይ የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍርዱ ሲሆን ሁለተኛው የፍርዱ ጽሑፍ ነው። ብዙዎቻችን ለፊተኛው ስንል ዓመታት እንመላለሳለን፤ ገንዘባችንንም ጊዜያችንንም እናፈሳለን፤ ሁለተኛውን ግን ችሎቱ በተነሣበት ቀን ረስተነው ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልንገልጽ ያሰብነው በወልድያ፣ በመርሳና በጠቅላላው በሐብሩ ወረዳ የተሰጠ ፍርድ መዝገቡ ከየት እንደሚፈለግና ግልባጩም በምን ሥርዓት እንደሚጠየቅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር የጠበቆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ትውልዱ ሐብሩ ቢሆን፣ አባቱ ባረፉ ጊዜ የተሰጠውን የወራሽነት ማስረጃ ከብዙ ዓመት በኋላ ባንክ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ሊጠይቀው ይችላል። ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ አበል በምትጠይቅበት ጊዜ የጋብቻዋን ወይም የልጆቿን ሞግዚትነት የሚያስረዳ የፍርድ ቤት ወረቀት እንድታቀርብ ትታዘዝ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ አንድ ጊዜ ተከራክረው የረቱበትን መሬት ሌላ ሰው እንደ ገና የከሰሰዎት እንደ ሆነ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 5 ላይ፣ በዚያው ነገር በእነዚያው ተከራካሪዎች መካከል አስቀድሞ ፍርድ የተሰጠበት ጉዳይ ዳግመኛ አይታይም ይላል። ነገር ግን ይህን ሕግ ጋሻ ለማድረግ የሚችለው የቀድሞውን ፍርድ አውጥቶ ለዳኛው ለማሳየት የቻለ ሰው ነው። ፍርዱን በቃሉ ብቻ የሚያወራ ሰው፣ እውነት ቢኖረውም፣ እንደ አዲስ ለመከራከር ይገደዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነውን? የሚለው ነው። በአገራችን ፍርድ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ እየሰማ በአደባባይ ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲዳኝ ደንግጎ፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ጉዳዩ በዝግ ችሎት ሊሰማ እንደሚችል ይገልጻል። ይሁን እንጂ ችሎቱ ክፍት ነው ማለት መዝገቡ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ተከራካሪው ራሱ፣ ወራሹ ወይም በሕግ የወከለው ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ለጉዳዩ ባዕድ የሆነ ሰው ግን ምክንያቱን ገልጾ ማመልከት ይኖርበታል። የሕፃናትን ጉዳይና በዝግ ችሎት የታየውን ነገር የሚመለከት መዝገብ በተለየ ጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ይህም ተገቢ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፣ ማለትም መዝገቡ የት ነው የሚለው፣ በዘመን ይለያያል። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195 ፍርድ ቤቶችን በአራት ደረጃ መድቧቸው ነበር፤ እነርሱም የወረዳ ግዛት፣ የአውራጃ ግዛት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትና ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ናቸው። በዚያን ዘመን ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ሐብሩም በዚሁ አውራጃ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደግሞ ደሴ ነበረች። ስለዚህ የአያትዎን ዘመን ክርክር የሚፈልጉ ከሆነ «መርሳ ነው» ብለው ብቻ አይነሡ፤ ነገሩ በአውራጃው ፍርድ ቤት ታይቶ እንደ ሆነ ዱካው ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በላይ ሄዶ እንደ ሆነ ወደ ደሴ ሊመራዎት ይችላል።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ግን የክልሉ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ቆመዋል። የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ስለሆነች የወረዳው ፍርድ ቤት ጉዳይ መነሻው በዚያ ነው። የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በወልድያ ሲሆን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። ወልድያን ዙሪያዋን የሚከብባት የጉባ ላፍቶ ወረዳ ስለሆነ፣ ክርክሩ የተነሣበት ቦታ የከተማው ይሁን የጉባ ላፍቶ ወይም የሐብሩ፣ ይህን አስቀድሞ መለየት ከብዙ ምልልስ ያድናል። ደግሞም ተከራካሪዎቹ ፈቅደው የጋብቻን፣ የፍቺን ወይም የውርስን ነገር ለሸሪዓ ፍርድ ቤት አቅርበውት እንደ ሆነ መዝገቡ የሚፈለገው ከዚያው ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የሚገኘው ከወረዳው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባም ከቀበሌው እንጂ ከፍርድ ቤት አይደለም።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት አምስት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉ። የከሳሹንና የተከሳሹን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ፤ የመዝገቡን ቁጥር፤ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ወይም ቢያንስ ዓመቱን፤ የጉዳዩን ዓይነት፤ በመጨረሻም ይግባኝ ተብሎበት እንደ ሆነና እንዳልሆነ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመዝገቡ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋብዎ እንደ ሆነ በአሮጌ መጥሪያ፣ በቀጠሮ ወረቀት ወይም ጠበቃው ዘንድ በቀረው ጽሑፍ ላይ «መ.ቁ.» ከሚለው ምልክት አጠገብ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም ተጠይቆ እንደ ሆነ የአፈጻጸሙ መዝገብ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ሁለቱ ቁጥሮች እንዳይምታቱብዎ።

ከዚህ በኋላ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር አጭር ማመልከቻ ይጻፋል። ማመልከቻው ማን እንደ ሆኑ፣ በመዝገቡ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለዎትና የትኛውን ጽሑፍ እንደሚፈልጉ ይናገራል። «መዝገቡ ይሰጠኝ» ብሎ በደፈናው ከመጻፍ ይልቅ «በዚህ ቀን የተሰጠው ፍርድ ትክክለኛ ግልባጭ ይሰጠኝ» ማለት ሥራውን ያቃልላል። መታወቂያዎን ይያዙ፤ ወራሽ ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃውን፣ ወኪል ከሆኑ የውክልና ሥልጣኑን ያያይዙ። በብዙ ፍርድ መጨረሻ ላይ «መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመላሽ ይሁን» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ስለዚህ ያለቀ ጉዳይ ከችሎቱ ጸሐፊ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ይፈለጋል። ግልባጩ በእጅዎ ሲገባ ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጡ ገጾቹን ይቍጠሩ፤ ስሞቹና ቀኑ በትክክል መጻፋቸውን፣ ማኅተሙና ፊርማው ማረፉን ይመልከቱ። ማኅተም የሌለው ፎቶ ኮፒ ለማስታወሻ እንጂ ለማስረጃ አይበቃም።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ከይግባኙ ማመልከቻ ጋር የፍርዱ ግልባጭ ይያያዛል። ፍርዱን ለማስፈጸም የሚቀርበው ማመልከቻ ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ረቺውም ተረቺውም በዚያው ሳምንት ግልባጩን ቢጠይቅ ይጠቀማል። በሌላ ፍርድ ቤት የሚከራከሩ ሆነው መዝገቡን ራስዎ ለማስወጣት ካልቻሉ፣ ያው ሕግ በቁጥር 145 መውጫ አዘጋጅቷል፤ መዝገቡ ለጉዳዩ አስፈላጊ መሆኑንና ግልባጩን ያለ ብዙ መዘግየት ወይም ወጪ ማግኘት አለመቻልዎን በቃለ መሐላ አስረድተው ሲያመለክቱ፣ ፍርድ ቤቱ መዝገቡ ካለበት ፍርድ ቤት እንዲመጣ ለማዘዝ ይችላል።

ጥያቄዎ ያለ ምክንያት ቢዘገይ ወይም ቢከለከል ዝም ብለው አይመለሱ። ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ ከዚያም ለፍርድ ቤቱ ኀላፊ ያመልክቱ። ስለ መረጃ ነፃነት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገው ክፍል የመንግሥት አካላት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያዛል፤ ቅሬታ ያለውም ሰው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት ለማለት ይችላል። የመንግሥት ወረቀት ለሕዝብ እንዲገለጥ በሕግ በመደንገግ የምትታወቀው ስዊድን ይህን ያደረገችው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1766 ነው፤ ልማዱ በሌላውም ዓለም የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያንና አካባቢዋን በሸፈነበት ጊዜ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። የተሰበረ በርና ወንበር በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ መዝገብ ግን እንዲሁ በገበያ አይገኝም። መዝገብዎ በወረዳው ያልተገኘ እንደ ሆነ ተስፋ ሳይቈርጡ ፍለጋውን ወደ ላይ ያድርጉ፤ ይግባኝ የተባለበት ጉዳይ ከሆነ የፍርዱ ግልባጭ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ከዚያም ባላጋራዎ፣ ጠበቆቹና ፍርዱን ያስፈጸመው መሥሪያ ቤት ዘንድ ቅጂ ይኖር እንደ ሆነ ይጠይቁ። ማኅተም ያለበት አንድ ግልባጭ በእጅዎ ካለ፣ መዝገብ ቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርቡት ነገር አለዎት ማለት ነው። ስለዚህ ግልባጩን ሁለት አድርገው ያስወጡ፤ አንዱን በቤትዎ፣ ሌላውን በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ።

በመጨረሻም ከአንባብያን ብዙዎቹ ራሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጡ፣ የሰው መዝገብ በእጃቸው ያለ የመንግሥት ሠራተኞች መሆናቸውን አንዘነጋም። ከውርጌሳ ወይም ከሲሪንቃ ተነሥቶ የመጣን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ማለት ለተናጋሪው አንድ ቃል ነው፤ ለሰሚው ግን የአንድ ቀን ሥራና የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። መዝገብን በቁጥሩ ማስቀመጥ፣ ያወጣውን መመለስ፣ ለጠየቀውም ሰው የማይገኝበትን ምክንያት በግልጽ መንገር ከዳኝነት ሥራ የሚቈጠር አገልግሎት ነው። ዳኛው የፈረደው ፍርድ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጥንቃቄና በባለጉዳዩ ትጋት ነውና፣ ሁላችንም በየድርሻችን እንድንበረታ ያስፈልጋል።