በአሮጌ የመስክ ተሽከርካሪ መለዋወጫን ቀድሞ መተካት፦ የትኛውን ክፍል፣ መቼ?

ከጉና ተራራ ተነሥቶ በእስቴና በጋይንት በኩል ወደ ስማዳ የሚወርደው መሬት በአጭር ርቀት ከውርጭ ወደ ቆላ ይለወጣል፤ ጫፉንም የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች ያዋስኑታል። እንዲህ ባለው አገር ወላድን ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስድ አምቡላንስ በመንገድ ላይ ቢቆም፣ የብልሽቱ ዋጋ የሚለካው በጋራዥ ደረሰኝ ብቻ አይደለም። ስለዚህ «እስኪሰበር ይሠራ» የሚለው ልማድ ሊመረመር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ተቃራኒው፣ ማለትም ሁሉን ነገር ቀድሞ መለወጥ፣ ያን ያህልም ትክክል አይደለም።

ቀድሞ መተካት የሚያዋጣው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የክፍሉ የመሰበር ዕድል ከዕድሜው ጋር እየጨመረ ሲሄድና ድንገተኛው ብልሽት ከታቀደው ቅያሪ በላይ ሲያስከፍል። ስዊድናዊው ዋሎዲ ዋይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ሥርጭት፣ የቅርጽ መለኪያው 1 ከሆነ ብልሽቱ ከዕድሜ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አዲሱም አሮጌውም እኩል ይሰበራሉና መለወጡ ከንቱ ወጪ ነው። መለኪያው 3 ሲሆንና ድንገተኛው ብልሽት የቅያሪውን 2 እጥፍ ሲያስከፍል፣ ተመራጩ የመተኪያ ዕድሜ ከክፍሎቹ 63 በመቶው ከሚሰበሩበት ዕድሜ 81 በመቶ ገደማ ነው። ወጪው 10 እጥፍ ሲሆን ግን ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። በከተማ ለሚሠራ መኪና «ገና ነው» የሚባል ክፍል ለስማዳ መኪና ጊዜው ያለፈበት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የታይሚንግ ቺንጋ ነው። በብዙ የቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፖች ላይ የሚገኘው 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር «1ኤችዜድ» የናፍጣ ሞተር በቺንጋ የሚነዳ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የተለመደው የመተኪያ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው አስታዋሽ መብራት ቺንጋውን አይመረምርም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያን ርቀት በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር 2,000 ሰዓት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ በአማካይ 20 የሄደ ደግሞ 5,000 ሰዓት ሠርቷል። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ስለሆነም ለወጣ ገባ አገር መኪና የመተኪያው መርሐ ግብር በሞተር ሰዓትና በዓመት ጭምር መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ክፍል እጅግ ርካሽ ነው፤ የራዲያተር ክዳን። ነፋስ መውጫ በሚገኝበት 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጤናማ ክዳን ግፊቱን በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል፤ የሳሳው አየር ሙቀትን የማንሣት ዐቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑም ችግሩ ይባባሳል። መጨረሻው የቴስታታ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ክዳኑንና የራዲያተሩን ቱቦዎች በየጊዜው መለወጥ ለምን ችላ እንደሚባል ለመረዳት ያስቸግራል።

የጎማ ኩሽኔታና ባሌስትራ ግን በሌላ መንገድ መታየት አለባቸው። ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ ይሞቃል፤ የባሌስትራ ስንጥቅም ብዙውን ጊዜ በዓይን ይታያል። እነዚህን በዕድሜ ሳይሆን በምርመራ መለወጥ ይሻላል፤ በተለይ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ በግሪሱ ውስጥ ውኃ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል።

ኖውላንና ሂፕ እ.ኤ.አ. በ1978 በአውሮፕላን ክፍሎች ላይ ባወጡት ዘገባ፣ የዕድሜ ገደብ ሊጠቅማቸው የሚችለው ክፍሎች 11 በመቶው ብቻ እንደነበሩ አሳይተዋል። መኪና አውሮፕላን ባይሆንም ማስጠንቀቂያው ይሠራል፤ አዲስ ክፍል የራሱን የጅምር ብልሽት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በገበያው ላይ አስመስለው የተሠሩ መለዋወጫዎች ባሉበት ሁኔታ፣ ደህና የነበረን ኦሪጅናል ክፍል አውጥቶ በሐሰተኛ መተካት የመቆምን ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ቅያሪው ከክረምቱ መግቢያ ሳምንታት ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ መኪናው መንገዱ ደረቅ ሳለ በቅርብ ርቀት ቢፈተን ይመረጣል። ሳይሰበር የወጣው የዳይናሞ ቺንጋና ቱቦም አይጣልም፤ ታጥቦ ከመፍቻዎቹ ጋር በመኪናው ውስጥ ይቀመጣል።