ከጨረር ሕክምና በኋላ አፍ ለምን ይደርቃል?

ጤናማ ሰው በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚመነጨው ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ካሉት ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች ነው። የራስና የአንገት ካንሰርን ለማጥፋት የሚሰጥ ጨረር በእነዚህ ዕጢዎች ላይ ካረፈ ምራቅ አመንጪ ሴሎችን ይጎዳል። ምራቁ ከሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ጀምሮ እየቀነሰና እየወፈረ ይሄዳል። ከጆሮ ፊት ያለው ዕጢ የሚደርሰው አማካይ የጨረር መጠን ከ26 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) በታች ከሆነ ግን በወራት ውስጥ የማገገም ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ዘመናዊ መሣሪያዎች በተቻለ መጠን ጨረሩ ከምራቅ ዕጢው እንዲርቅ ተደርገው ይስተካከላሉ።

ምራቅ ጥርስን ከአሲድ ይከላከላል። ሲጎድል ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የአፍ ፈንገስም ይበረታል። በዚህ ምክንያት ጥርስ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት መመርመርና መታከም አለበት።

ለምሳሌ ከካፋዋ ከተማ ቦንጋ የሚነሳ ታካሚ ለጨረር ሕክምና ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይጓዛል። የአፍ እንክብካቤው ግን ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ይቀጥላል፦

• ቆጮን ደረቁን ከመብላት ይልቅ በመረቅ ወይም በለስላሳ ወጥ ማራስ፤ ሚጥሚጣና በርበሬ መቀነስ።
• የካፋ ማር ጉሮሮን ቢያለሰልስም ስኳር ስለሆነ፣ ከበሉ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ።
• ቡናን አብርዶ፣ ያለ ስኳርና በመጠኑ መጠጣት፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት።
• ጫት፣ ሲጋራና አልኮል መተው።
• በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ።