ትኩሱ ኬሞ፦ ቡና ላይ የሚባለውና እውነታው

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር ቡና ላይ «እገሊት ሆዷ ውሃ ቋጠረ፤ ሲታይ ካንሰር ሆነ» ከተባለ፣ ጨዋታው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን አልፎ ሕንድና ታይላንድ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። «እዚያ እኮ ትኩስ ኬሞ ሆድ ውስጥ ያፈሳሉ፤ አቃጥሎ ይጨርሰዋል» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ባለ ወሬ ቤቱን ለመሸጥ የሚነሳ ቤተሰብ አለና ነገሩን ማጥራት ያስፈልጋል።

ተረት፦ ሙቀቱ ካንሰሩን ያቃጥለዋል።

እውነታ፦ ሐኪሞች «ሃይፔክ» በሚሉት በዚህ ሕክምና መድኃኒቱ የሚሞቀው ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ገላ የምንታጠብበት ሙቅ ውሃ ያህል። ዋናው ሠራተኛ መድኃኒቱ ነው፤ ሙቀቱ ያግዘዋል ተብሎ ነው የሚጨመረው። ታካሚዋ ማደንዘዣ ላይ እንዳለች ፈሳሹ በቱቦ ገብቶ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል በሆድ ዕቃ ውስጥ ይዘዋወርና ተመልሶ ይወጣል።

ተረት፦ ትኩሱ ኬሞ ካለ ቢላ አያስፈልግም።

እውነታ፦ ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው፤ «ካንሰር ቢላ ሲነካው ይሰራጫል» ከሚለው የቆየ ፍርሃታችን ጋር ይገጥማልና። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ መድኃኒት ወደ እጢ የሚሰርገው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባቄላ የሚያህል እጢ ላይ ቢፈስ ላዩን አርሶ ይቀራል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ በዓይን የሚታየውን ሁሉ በመጀመሪያ ለቅሞ ማውጣት አለበት፤ ይህም ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ሥራ ነው። መድኃኒቱ የሚላከው ዓይን ላላያት ትራፊ ነው። ቀዶው ካልተሳካ ማፍሰሱ የቀዶውን ጉድለት አይሞላም።

ተረት፦ በቀጥታ ስለሚገባ በደም ሥር ከሚሰጠው ሁልጊዜ ይበልጣል።

እውነታ፦ መልሱ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል። በፈረንጆች 2018 የወጣ የሆላንድ ጥናት፣ ደረጃ ሦስት የደረሰ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ያለባቸውን 245 ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ሦስት ዙር ኬሞ ወስደው ቀዶ ሲደረግላቸው ሃይፔክ የታከለላቸው በመካከለኛ ግምት 45.7 ወር ሲኖሩ፣ ያልታከለላቸው 33.9 ወር ኖሩ። ፈረንሳይ ውስጥ ግን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆዳቸው ውስጥ የተሰራጨባቸው 265 ሰዎች ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2021 ሲታተም ሃይፔክ የታከለላቸው 41.7፣ ያልታከለላቸው 41.2 ወር መኖራቸው ታየ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ የታየው ከባድ ችግር ግን ሃይፔክ በታከለላቸው ላይ በዝቶ ነበር።

ሳይሞቅ፣ ከቆዳ ሥር በሚቀበር ትንሽ መግቢያ በኩል ተደጋግሞ ሆድ ውስጥ የሚሰጥ ኬሞም አለ። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለኦቫሪ ካንሰር ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቶ ብዙ ተስፋ ሰጠ፤ ሆኖም ስድስቱን ዙር የጨረሱት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕመሙ፣ የቱቦው መዘጋትና ኢንፌክሽኑ አላስቻላቸውም። «በቀጥታ ስለገባ ሌላውን አካል አይነካም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ከፊሉ ወደ ደም ይገባል፤ ለምሳሌ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ተረት፦ አዲሱ ርጭት ከሁሉም የተሻለ ነው።

እውነታ፦ «ፓይፓክ» በ2011 ጀርመን ውስጥ የተጀመረ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ መድኃኒቱን እንደ ጉም ይረጫል፤ ከሳምንታት በኋላም ይደገማል። በአብዛኛው የሚታሰበው እጢያቸው በቀዶ ሊጠራ ለማይችል ሰዎች ነው። ከሃይፔክ ጋር «የትኛው ይበልጣል» ተብሎ መወዳደሩ ልክ አይመስለኝም፤ ታካሚዎቹ አንድ አይደሉም።

ለጉዞ ገንዘብ የሚያሰባስብ ቤተሰብ ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ «እናታችን ላይ ያለው እጢ በቀዶ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል? ከወጣ በኋላስ ይህ ሕክምና ለእሷ ዓይነት ካንሰር ጠቅሟል?» ለመጀመሪያው መልሱ «አይችልም» ከሆነ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መታወቅ አለበት።

ሌላው የሚያሳዝነኝ የኦቫሪ ካንሰር ምልክት «ጨጓራ ነው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሆድ መነፋት፣ ጥቂት ጎርሶ መጥገብ፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት ከጀመራትና ለሳምንታት ካልለቀቃት፣ እትዬ የጨጓራ እንክብል መዋጧን ትታ ሐኪም ዘንድ ሄዳ በአልትራሳውንድ ትታይ።